የአየር ሌባ

ማክሰኞ፣ ኅዳር ፫። ቢቸና። ከጧቱ ፲፪ ሰዓት ተኩል

ዛሬም ተንፍሷል። የኋላው ግራ። ባለቤቴ ደጅ ሆኖ ፓምፑን ይገፋል፤ ፊሽ፣ ፊሽ፣ ፊሽ። ግቢው በሙሉ ነቅቷል። እኔም አልጋ ላይ ተቀምጬ ይኼን እጽፍልሻለሁ፣ ደብተሬ። አዲስ ጎማ እኮ ነው! እንደ ጢም የበቀሉበት ትንንሽ ላስቲኮች እንኳ ገና አልረገፉም። ትናንት ማታ ሲረግጠው ድንጋይ ነበር፤ አሁን ሲጫኑት ሊጥ ሆኗል።

ሙሉ ስሙን በየቀኑ ስጽፍ እጄ ይደክማል፤ ከእንግዲህ አስ. እያልኩ ነው የምጽፍልሽ። አስናቀ፣ የጤና ጣቢያው ሾፌር፣ የኔው ባል። የምንኖረው እዚሁ ጤ/ጣቢያው ግቢ ስለሆነ ላንድሮቨሯም ከእኛው ጋር ታድራለች። እሷ ስታስል እሱ ይነቃል፤ እኔ ሳስል አይነቃም።

ጎማዎቹ ከአ/አ በባሕር ዳር በኩል ሞጣ ድረስ በጭነት መኪና መጡ። ጎሚስታ ሞጣም የለ፣ ቢቸናም የለ። አስ. ራሱ ሞጣ እናቴ ግቢ ውስጥ አሮጌዎቹን ፈትቶ አራቱን አዲሶች ገጠመ። እናቴ ጠላ እየቀዳች ስትመርቀው ዋለች አሉ። ሲመለስ ሙሽራ ያመጣ ይመስል ጥሩንባ እየነፋ ነው የገባው። አሁን ያ ፊት የለም። ቁርስ ብላ ብለው አልሰማኝም።

ሆዴን ያቅለሸልሸኛል። ይኼኛው ጽንስ እንዲበረክት ነው ጸሎቴ፤ የመጀመሪያው እንዳልበረከተልን አንቺ ታውቂያለሽ፣ ያኔም የጻፍኩት ላንቺ ነው።

ት/ቤት ልሂድ። አያ ዘገየ በር ላይ ሆነው «የኔታ፣ ዛሬስ ስንቱን ልትገርፊ ነው?» ማለታቸው አይቀርም። ዘበኛችን ናቸው። የሚያስተምር ሁሉ ለሳቸው የኔታ ነው፣ ሴትም ብትሆን። ሳይቀልዱብኝ የወጣሁ ቀን አንድ ነገር የረሳሁ ይመስለኛል።

ረቡዕ፣ ኅዳር ፬። ማታ ፩ ሰዓት

ዛሬ ደግሞ የፊቱ ቀኝ! የኋላውም ወረድ ብሏል። አንድ ጎማ ቢሆን ሚስማር ነው ይባላል፤ በየተራ ሲሆን ምን ይባላል?

አቶ ሸምሱ ሳሙና በጥብጠው አመጡ። የጤ/ጣቢያው ኃላፊ ናቸው፣ ድሬሰር የሚባል የሕክምና ረዳት፣ የድሬዳዋ ሰው። ከተማው «ዶክተር» ይላቸዋል፤ አይደለሁም ማለት ሰልችቷቸው ትተውታል። አየር ማስገቢያው ላይ ተቀባ። ሁላችንም አጎንብሰን አረፋ ጠበቅን፤ አያ ዘገየም፣ መድኃኒት ሊወስዱ የመጡ በሽተኞችም። አንዲት አረፋ ብቅ ብላ ጠፋች። አንዱ አየሁ አለ፣ አንዱ አላየሁም አለ፣ ክርክር ሆነ።

አቶ ሸምሱ እንግዲያው ጎማው ይፈታና ካላማዳሪው ይታይ አሉ፣ የውስጡ ላስቲክ። ደህና ነገር ነው ያሉት። አስ. ጮኸባቸው! አለቃው ላይ! አዲስ ጎማ ገጥሞ መልሶ መፍታት ቸርኬውን ያበላሻል፣ እስኪለምድ ነው፣ ተዉት አለ። ከተጋባን እንዲህ ያለ ድምፅ ከአፉ ሲወጣ ሰምቼ አላውቅም። አቶ ሸምሱ ጎድጓዳ ሳሕናቸውን አንሥተው ገቡ። እኔ አፈርኩ።

ቤት ሲገባ መዳፉ ውኃ ቋጥሯል። መንገድ ላይም ትነፋለህ እንዴ አልኩት። አይ፣ መንገድ ላይ ደህና ነው፣ ሌሊት ብቻ ነው የሚወርደው አለኝ።

ጎማ ሌሊቱን ከቀኑ የሚለይ መሆኑን ዛሬ ተማርኩ። እጁን በቅባት አሸሁለት። 

ዓርብ፣ ኅዳር ፮። ቀን ፱ ሰዓት

ጽሕፈቴ ቢበላሽ አትፍረጂብኝ።

ትናንት አስ.ና አቶ ሸምሱ ሞጣ ወርደው ነበር። ምጥ የጠናባት ሴት ነበረች፤ ደ/ማርቆስ ሆስፒታል ሊያደርሷት ከሞጣ ተነሡ። ነፍተው ይሄዳሉ፣ ይቆማሉ፣ ነፍተው ይሄዳሉ። ደ/ወርቅ ሳይደርሱ ሁለቱ ጎማ አንድ ላይ ተኛ። ትርፍ ያለው አንድ ብቻ ነው፣ እሱም አሮጌ። ከእርሻ የተጠሩ ሰዎች በቃሬዛ ተሸክመው ደ/ወርቅ አስገቧት። ሴትዮዋ ተርፋለች። ሕፃኑ ሞቶ ተወለደ።

አቶ ሸምሱ ዛሬ ረፋድ ላይ በበቅሎ ገቡ፣ ሸሚዛቸው ደም ነው። ተቀምጠው ውኃ እንኳ አልጠጡም። አዲስ ጎማ በገዛ ራሱ አይተነፍስም፣ የሰው እጅ አለበት እያሉ ግቢው መሐል ቆመው ጮኹ። የድሬዳዋ ሰው ሲቆጣ አይቼ አላውቅም ነበር። አልፈረድኩባቸውም።

አስ. ከሰዓት መኪናዋን እየጎተተ እንደ ምንም ደረሰ። ምን ታውቃለህ ሲሉት ሰው ሁሉ እየሰማ፣ ሌሊት ሌሊት ነው የሚወርደው፣ ትናንት መንገድ ላይ የወረደውም ሌሊት የተነካው ነው አለ። ይኼንኑ ብቻ። ያን ጊዜ የሰው ዓይን ሁሉ ወደ በሩ ዞረ፣ አያ ዘገየ ወደቆሙበት። ሌሊቱን ግቢው የማን ነው? የሳቸው ነው።

ሰዎቹ ደግሞ አንድ ነገር አስታወሱ። ባለፈው ሳምንት አያ ዘገየ ሞጣ ያገባች ልጃቸውን በመኪናዋ አሳፍሩልኝ ብለው አቶ ሸምሱ ደንብ አይፈቅድም ብለዋቸው ነበር። «ይቺ መኪና ለድኻ አልተሠራችም» ብለው አጉረመረሙ፤ እኔም ሰምቻለሁ። እንዲህ ያለ ነገር ማን አይልም? እኔስ ስንት ጊዜ ብያለሁ!

የሞተው ሕፃን ወንድ ነው አሉ። ለምን እንደ ጠየቅሁ አላውቅም።

ቅዳሜ፣ ኅዳር ፯። ማታ

ስሚኝማ፣ አውጫጭኝ ተጠራ! ለአየር!

ጭቃ ሹሙ ራሳቸው መጥተው ጎማዎቹን በከዘራቸው ጫፍ እየነኩ ዞሩ። የጠፋ በሬ ሲሆን፣ የተቃጠለ ክምር ሲሆን አውጫጭኝ ይጠራል፤ የሰፈሩ ወንድ ሁሉ አንድ ሜዳ ላይ ይቀመጣል፣ ያየም የሰማም እስኪያወጣ ድረስ ወደ ቤቱ የሚሄድ የለም። ይኼን ከልጅነቴ አውቃለሁ። ለጎማ ሲጠራ ግን አባቴም አያቴም አላዩም።

ሽማግሌዎቹ ግራ ገብቷቸው እዚያው ተከራከሩ። የተሰረቀው ምንድን ነው? አየር። አየር የማን ነው? አንዱ የእግዜር ነው አሉ። ሌላው ጎማ ውስጥ ከገባ በኋላ የመንግሥት ነው አሉ። እኔ በመስኮት እየሰማሁ ሳቄ መጣ፤ ወዲያው ደግሞ ያ ሕፃን ትዝ አለኝና አፌን በነጠላዬ ያዝኩ። ጭቃ ሹሙ ነገሩን ቆረጡት። የሰው ነፍስ አለበት፣ የጃንሆይ ንብረት አለበት፣ ሰኞ ሁሉም ይውጣ አሉ።

አስ. እራት አልበላም። ምነው ይቅር ቢሉት አለ። ምኑ ነው የሚቀረው ብለው ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

እሑድ፣ ኅዳር ፰። ከሰዓት

አብረን ቤ/ክ ሄድን። አስ. ቅጥሩን አልገባም። በሩን ተሳልሞ ውጭ ዛፍ ሥር ቆመ። አመመኝ አለ። ግንባሩን ዳሰስኩት፣ ትኩሳት የለውም።

አያ ዘገየ ቅዳሴው እስኪያልቅ ቆመው ነበር። ሰው ከአጠገባቸው ትንሽ ትንሽ እያለ ራቀ። ሲወጡ ጤና ይስጥልኝ አልኳቸው፤ እግዜር ይመስገን አሉኝ እንጂ የኔታ አላሉኝም።

ሰኞ፣ ኅዳር ፱። ማታ ፲፪ ሰዓት

ከየት ልጀምርልሽ!

ከጧት ጀምሮ ከቤ/ክ በታች ያለው ሜዳ ላይ ተቀመጡ። ገበሬው፣ ነጋዴው፣ ቄሱ፣ ሸማኔው፣ አስ.ም አቶ ሸምሱም። ት/ቤት ስለተዘጋ እኔ ከሴቶቹ ጋር ከዳር ቆምኩ። ጤፉ ታጭዶ ማሳ ላይ ነው። ከሰዓት በኋላ በአንድ በኩል ደመና ጠቆረ። በኅዳር ዝናብ! ሰው ሁሉ ሽቅብ ያያል፣ ይቁነጠነጣል። ጭቃ ሹሙ ነገሩ ሳይወጣ ማንም አይነሣም አሉ።

በየተራ ማሉ። ያየሁትን፣ የሰማሁትን ብደብቅ ዘሬ አይባረክ። አስ. ተራው ደረሰ። ድምፁ ተሰበረ፤ ድገም ተባለ። ደገመው። እኔ ሆዴን ያዝኩ። ንጹሕ ሰው ነው፣ ምን ያስፈራኛል ብዬ ራሴን ተቆጣሁ።

ከዚያ ወፍ ተጠራ። ወፍ የሚሉት ስሙ የማይነገር ጠቋሚ ነው፤ በሽማግሌ ጆሮ ሹክ ይላል፣ ሽማግሌው ደግሞ «ወፍ እንዲህ አለች» ብሎ ያወጣል። የመጀመሪያዋ ጠብታ መሬት ስትነካ አንድ ሽማግሌ ተነሡ። ወፍ ዘገየን አየች አሉ። ሌሊት፣ ጎማው ሥር፣ ተንበርክኮ። ሜዳው በሙሉ እፎይ አለ። እውነቴን ነው፣ እፎይታው ተሰማኝ! እየሮጡ ወደ ጤፋቸው ሄዱ። አንድም ሰው መብራት ነበር ወይ፣ እንዴት አየች ብሎ አልጠየቀም።

አያ ዘገየ መጀመሪያ የተጠራው ሌላ ዘገየ መስሏቸው ዞር ዞር ብለው አዩ። ጸጥታ የሚያስከብረው ነጭ ለባሽ ሁለቱንም እጃቸውን ያዛቸው። ወህኒ ቤት ናቸው።

ዝናቡ ደግሞ ሳይጥል ቀረ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር ፲። ረፋድ

ተንፍሷል!!

አያ ዘገየ ታስረው፣ ግቢው በሌላ ሰው እየተጠበቀ፣ ተንፍሷል። የኋላው ግራ ለጥ ብሏል። ባዶ እግሬን ወጥቼ አየሁት። ወደ አቶ ሸምሱ ሮጥኩ። ይኸው፣ እሳቸው አይደሉም፣ ይፈቱ አልኩ። አቶ ሸምሱ ዓይናቸው ቀልቷል፣ የተኙም አይመስሉም። እኔም ሳልጠራጠር አልቀረሁም አሉ፤ ለጭቃ ሹሙ ነግረው መልሱ ግን ዘመድ አለው፣ ተባባሪ አለው ሆነ።

እንዴ! ሰውዬው ሲኖሩም ጥፋተኛ፣ ሳይኖሩም ጥፋተኛ!

ልጃቸው የአባቷን መጠርጠር ቀድማ ሰምታ ከሞጣ በእግሯ መጥታ ስንቅ ይዛ በር ላይ ተቀምጣለች። አልቅሳ ጨርሳለች። ቤት አስገባኋት። አስ. ሲያያት በጓሮ ወጣ።

ረቡዕ፣ ኅዳር ፲፩። ማታ ፩ ሰዓት

ቀስ ብዬ ልጻፍ። ቀስ ብዬ።

የኋላው ግራ ጨርሶ አልነፋ አለ። ግዴታ ሆነና አስ. መኪናዋን በክሪክ አንሥቶ ጎማውን ፈታ። ግቢው ባዶ ነበር፤ አቶ ሸምሱ ወደ ጭቃ ሹሙ ሄደዋል። ወደ ቤት ግቢ አለኝ። አልገባም አልኩ። ብርድ ነው አለኝ። በዚህ ፀሐይ! ያን ጊዜ ነው ልቤ ድንግጥ ያለው። ከአጠገቡ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ።

በብረት እየፈለቀቀ ጎማውን ከፈተ፣ ካላማዳሪውን ጎተተ። አብሮ አንድ ነገር ወደቀ። በቀይ ቆዳ የተሰፋ፣ መዳፍ የማይሞላ። ክታብ!

ካላማዳሪው ክታቡ ባረፈበት በኩል ሳስቶ ሳስቶ የቆዳው ስፌት ተራ በተራ ታትሞበታል። በስፌቱ ጫፍ በኩል መርፌ የማታክል ቀዳዳ። ምራቅ ቢቀቡት ትንሽዬ አረፋ፣ ቆይታ ሌላ አረፋ።

አራቱም ጎማ ውስጥ አለ አለኝ። አራቱም! ሞጣ ደብተራ ዘንድ ያስጻፈለት ማን መሰለሽ? እናቴ። የወለደችኝ እናቴ! የዱሮው ሾፌር በሞጣ መንገድ ገደል ከገባ ወዲህ አስ. ያንን መንገድ በነዳ ቁጥር ላቡ ያጠምቀዋል፣ ለኔ ግን አልነገረኝም፣ ለሷ ነገራት። ልጁ አባት አያጣም ብላ አስጻፈችለት። ደብተራው ዓመት ሳይሞላው ከወጣ በቤቱ ላይ፣ በሚወለደው ላይ ይገለበጣል አለው። ስለዚህ አልፈታም። ስለዚህ ጮኸ። ስለዚህ ሌሊት ብቻ አለ። ቀንም እንደሚወርድ ያውቅ ነበር፤ በየመንገዱ ሲነፋ ነበር የከረመው።

መች ነው የጠረጠርከው አልኩት። ሳሙናው የተቀባ ቀን አለኝ። ሴትዮዋ ሳትጫን! 

ላንቺ ብዬ ነው፣ ለልጁ ብዬ ነው አለኝ። የመታሁት አይመስለኝም ነበር፤ እጄ ፊቱ ላይ ነበር ለካ። «ለልጁ ብለህ ነው በልጁ የማልከው?» አልኩት። ዘሬ አይባረክ ያልከው ዘር የማን ነው? ሁለት ጊዜ ያልከው!

ክታቡን ሊያነሣ እጁን ዘረጋ። እኔ ቀደምኩት። የካላማዳሪ ሽታ አለው። ካላማዳሪውን ለጠፈ፣ ጎማውን ገጠመ፣ ሦስቱን ግን አልነካም። እጁ እምቢ አለው። አየሁት፣ እውነትም እምቢ አለው።

ሐሙስ፣ ኅዳር ፲፪፣ ሚካኤል። ከሰዓት ፲ ሰዓት

ወህኒ ቤት ሄድኩ፣ ከልጃቸው ጋር። አያ ዘገየ ጭድ ላይ ተቀምጠዋል። ሲያዩኝ ሊነሡ ሞከሩ፤ ለኔ! ተቀመጡ ብዬ ለመንኳቸው።

ጎማው ዛሬስ እንዴት አደረ ብለው ጠየቁኝ።  ከዚያ ድምፃቸውን ቀንሰው አንድ ነገር ነገሩኝ። ሲያስቡት ሲያስቡት እንቅልፍ ሳይጥላቸው አልቀረም። ዐይኔን ከድኜ ይሆናል፣ ሌባው ያኔ ገብቶ ይሆናል፣ የዚያ ሕፃን ዕዳ በኔ ነው አሉ። አለቀሱ። ሰው ያልሠራውን ሠራሁ ሲል ከማየት የሚብስ ነገር አላየሁም። ክታቡ በቀሚሴ ኪስ ውስጥ ነበር። አፌ ሊከፈት ደረሰ፤ ባሌ ነው ማለት ግን አፍ ውስጥ እንደ ድንጋይ ነው። ሳልናገር ወጣሁ። ራሴን ጠላሁት።

ደጅ ላይ የወህኒ ጠባቂው ምን እንዳለኝ ልንገርሽ። ነገ ጧት ደ/ማርቆስ ይሄዳሉ፣ ለከፍተኛው ፍ/ቤት፣ ነፍስ ስላለበት። በምን? በጤ/ጣቢያው ላንድሮቨር። ማን ነድቶ? አስ.!

ሦስት ክታብ ውስጧ እያለ፣ በዚያች መኪና፣ በሱ እጅ። ጠባቂው ምን ያስቅሻል አለኝ። ስቄ ነበር ለካ።

ሐሙስ፣ ማታ ፪ ሰዓት

አስ.ን አስቀምጬ ነገርኩት። ወይ አንተ ለአጥቢያ ዳኛው ትናገራለህ፣ ወይ እኔ እናገራለሁ። ሥራዬን አጣለሁ አለ። አዎ። በሐሰት በመማሌ እታሰራለሁ አለ። አዎ። ልጁስ አለ።  የታሰረ አባት ያለው ልጅ እወልዳለሁ፤ ስንቅ አመላልሳለሁ፣ ይኼን እችለዋለሁ። አያ ዘገየ ያለ ጥፋታቸው ሲታሰሩ ማየቱን ግን አልችለውም አልኩት። ደብተራው ያለው ቢደርስብንስ አለኝ፣ እንደ ሕፃን። እኔስ አልፈራሁም? እኔ ነኝ የተሸከምኩት! እፈራለሁ አልኩት፣ ከሳምንት ጀምሮ እፈራለሁ፣ ግን የፈራሁት ያንን ብቻ አይደለም።

ተነሥቶ ደጅ ወጣ። እወደዋለሁ። ይኼንንም ጻፍኩልሽ።

ዓርብ፣ ኅዳር ፲፫። ከጧቱ ፲፪ ሰዓት

ተነሥቷል። ደጅ መብራት ይዞ ከመኪናዋ ሥር ገብቷል፤ ከቀሩት ሦስት ጎማዎች ሁለቱን ፈትቶ የመጨረሻው ላይ ነው። ሁለት ክታብ ደረጃው ላይ አኑሯል።  ሊያወጣቸው ነው እንጂ ሊናገር ነው ማለት አይደለም፤ ጎማው ደህና ሆኖ አያ ዘገየን ደ/ማርቆስ ያድርስ ማለትም ይሆናል። አላውቅም። ከስምንት ዓመት ትዳር በኋላ ባሌን አላውቅም።

እኔ ግን አውቄያለሁ። ዳኛው ጧት ቤታቸው ናቸው። ነጠላዬን ለብሻለሁ። የመጀመሪያው ክታብ ኪሴ ነው፣ የተለጠፈውን ካላማዳሪ ራሳቸው ፈትተው ያዩታል። ወህኒ ቤቱ በር ሳይከፈት እደርሳለሁ።

አራተኛውን ክታብ ይዞ ተነሣ። እጁ ጥቁር ነው፣ ወደ ቤት እየመጣ ነው። ኮቱን ካነሣ አብረን ነው የምንሄደው፤ የመኪናዋን ቁልፍ ካነሣ እኔ ብቻዬን